ባለቤቴ ለገብርኤል የተሳላት ጀልባ

ጀልባ አለን ስል ሰው መጀመሪያ ፊቴን ያያል፣ ከዚያ ይስቃል፤ ለዓመታት እንዲህ ነበር። ሚኒሶታ ውስጥ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ካለው ቤታችን ጎን፣ ሌላው አበሻ ሁለተኛ መኪናውን በሚያቆምበት ቦታ፣ ነጭ ጀልባ ተጎታች ላይ ተጭና፣ ሰማያዊ ሸራ ለብሳ ትቀመጥ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ባለቤቴን «ኖኅ» ይሉታል። «ኖኅ፣ ዝናቡ መቼ ነው?» እያሉ ሲያበሽቁት እሱ ይስቃል። የምበሽቀው እኔ ነኝ። እሱ ኖኅ ከሆነ እኔ የኖኅ ሚስት መሆኔ ነው፤ የእሷን ስም የሚጠራ ሰው ደግሞ ሰምቼ አላውቅም። ዓሣ አጥማጇ ግን እኔ ነበርኩ። እሱ ይነዳል፣ እኔ አጠምዳለሁ፤ ሥራችንን የተካፈልነው እንዲህ ነው።

ጀልባዋን የሸጡልን ጡረታ የወጡ ነጭ ጎረቤታችን ናቸው። ባለቤቴ ክረምት ክረምት ደጃቸውን በረዶ ይጠርግላቸው ስለነበር ይወዱታል። ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ጀልባዋን ለማያውቁት ሰው ከሚሸጡ ለእሱ መሸጥ መረጡ። እኛ ጀልባ እንደሚያስፈልገን አናውቅም ነበር። ሁለታችንም አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን ነን፤ ዋና አንችልም፣ ውሃ የምናውቀው በባልዲ ነው። ሽማግሌው ግን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ግቢያቸው ውስጥ አቁመውን፣ ይህ እንዲህ ይታሰራል፣ ያ እንዲህ ይፈታል እያሉ አሳዩን። አንድ ነገር ብቻ ሳያሳዩን ቀሩ፤ ወይም አሳይተውን አልገባንም። ጀልባ ከታች በኩል ቀዳዳ አላት፤ ውሃ ላይ ከመውረዷ በፊት በውታፍ ትደፈናለች። መጀመሪያ ይዘናት የወጣን ዕለት ውታፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። የመኪና ዕቃ መስሎኝ ነው። ባለቤቴ እግሩን እያየ «ይሄ ውሃ ከየት መጣ?» ሲል ትዝ ይለኛል። እዚያ የነበሩት ፈረንጆች ተረባርበው ጎትተው አወጡን፤ አንድም የሳቀ አልነበረም። የሚኒሶታ ሰው ፊት ለፊት አይስቅብህም፤ ቤቱ ገብቶ ነው የሚስቀው።

እንዲህ ጀምረን ቀስ በቀስ ለመድነው። መጀመሪያ በከተማው ዙሪያ ባሉት ትንንሽ ሐይቆች፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ከፍ ብለን፣ በመጨረሻም እስከ ዱሉዝ ከተማ ድረስ እየነዳን ሱፒሪየር ላይ። ሐይቅ ይባላል እንጂ ባሕር ነው። በጀልባ ትንሽ ከሄድን በኋላ ዳርቻው ቀጭን መስመር ይሆናል፤ ቀጥሎ መስመሩም ይጠፋል። እዚያ ዓሣ የሚጠመደው ቆሞ አይደለም። ጀልባዋ ከሰው እርምጃ ብዙም ሳትፈጥን ትሄዳለች፣ ክሮቹ ከኋላ ይጎተታሉ። ውሃው ጥልቅ ስለሆነ ክሩ ብቻውን አይወርድም፤ ብርቱካን የሚያህል ከባድ ብረት በሽቦ ታስሮ ይዞት ይወርዳል። ዓሣው ሲነክስ ክሩ ከብረቱ ይላቀቅና ጎብጦ የቆየው የማጥመጃ ዘንግ ቀጥ ይላል። እኔ «ያዘ!» እላለሁ፣ እሱ ሞተሩን ያዘገያል፣ እኔ እጠቀልላለሁ፣ እሱ መረቡን ይዞ ይመጣል። መረብ አያያዙ እስከ መጨረሻው አላማረም። ስንት የሚያማምሩ ዓሦች እሱ «ቆይ፣ ቆይ» ሲል ሄደውብኛል።

ከመያዙ ይልቅ ግን የሚበዛው መጠበቁ ነው፤ እኔ ደግሞ የምሄደው ለመጠበቁ ነበር። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል፤ ገና ሳይነጋ ይወጣል። እኔ ብሩክሊን ፓርክ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነኝ። በሥራ ቀን የምንገናኘው በር ላይ ነው። «ወጡ ፍሪጅ ውስጥ ነው።» «መኪናዋ ጋዝ የላትም።» «ኢንሹራንሱ ደውሎ ነበር፣ ኮል አድርጊላቸው።» ይኸው ነው ትዳሩ። የተረፈውን ስልክ ይጨርሰዋል። ሐይቁ ላይ ስልክ አይሠራም። ክሮቹ ከወረዱ በኋላ የሚሠራ ሥራም የለም፣ የሚሄዱበትም የለም። እናም ሁለት ሰዎች ተያይተው ማውራት ግድ ይሆንባቸዋል።

ትልቁ ነገራችን ሁሉ የተነገረው እዚያ ነው። ልጃችን ሌላ ስቴት ኮሌጅ ልገባ ነው ብላ ቤቱን ስታናውጠው፣ ትሂድ ብለን የተስማማነው እዚያ ነው። የባለቤቴ እናት ሲሞቱ ለቅሶ ተቀምጠን ሰው ሁሉ ሲያጽናናን ሰነበተ፤ እሱ ግን አንድ ጠብታ አልወጣውም። ቆይቶ፣ ሐይቁ ላይ ጀልባዋን እየነዳ ሳለ፣ ድንገት አለቀሰ። እኔ መሪውን ያዝኩ። የጀልባዋን መሪ ከዚያ በፊት ይዤው አላውቅም ነበር። ሲበቃው ፊቱን በሐይቁ ውሃ ታጠበና ቦታውን ተቀበለኝ።

ዓሣውን ለሰው እንሰጥ ነበር። ከጎናችን ያለችው ጎረቤታችን የሐረርጌ ሰው፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ፣ ሙስሊም ናት። እሷ የእኔን ሥጋ አትበላም፣ እኔም የእሷን አልበላም፤ ሁለታችንም አንቀያየምም። ዓሣ ግን ባራኪ አይፈልግም። ሌክ ትራውት የሚባለውን አንድ ትልቅ ዓሣ ለሁለት ቆርጠን፣ እኔ ዱለት፣ እሷ በበርበሬ ለውሳ ጥብስ አድርገን፣ በአጥር ላይ ሳህን እንቀባበል ነበር። በጾም ወራት ደግሞ ስልኬ አያርፍም። በጾም ዓሣ ይበላል የሚሉት በግልጽ ይደውላሉ። አይበላም የሚሉት «ለልጆቹ ነው» እያሉ ይደውላሉ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የሰኔ ጾም ነበር፣ ቅዳሜ። ጠዋት ሐይቁ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሎ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ሁለታችንም ስንሰማ ነው ያደግነው፤ ቢሆንም ውሃ ሲስቅልህ አብረህ ትስቃለህ። ሁለት ዓሣ ይዘን ሦስተኛውን ስንጠብቅ ነፋሱ አቅጣጫውን ቀየረ። ባለቤቴ ሰማዩን አይቶ «ጠቅልዪ፣ እንሂድ» አለኝ። መጠቅለል ጀመርኩ። አንዱን ክር ሳልጨርስ ማዕበሉ ጀልባዋን በጎን መታና አዞራት፤ ክሩ ከሥር ገብቶ ውሃ ውስጥ በሚሽከረከረው የሞተሩ መዘውር ላይ ተጠመጠመ። ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ጠፋ።

ሞተር የሌላት ጀልባ ማዕበሉ እንደፈለገው ነው የሚያደርጋት። ባለቤቴ ሞተሩን ከውሃው ወደ ላይ አነሳው። ክሩን መቁረጥ የእኔ ሥራ ሆነ፤ እጄ ትንሽ ነው፣ ክርም የማውቀው እኔ ነኝ። ከወጥ ቤት ያመጣሁትን ቢላዋ ይዤ በሆዴ ተኛሁና ከወገቤ በላይ ወደ ውጭ ወጣሁ። እሱ ከኋላዬ ተንበርክኮ የመንሳፈፊያ ሰደርያዬን ማሰሪያ በሁለት እጁ ያዘ። የዚያ ውሃ ቅዝቃዜ በሰኔም አጥንት ይገባል። ማዕበሉ በመጣ ቁጥር እስከ አንገቴ ያጠልቀኛል፤ ሲሄድ ትንፋሼን ሰብስቤ እቆርጣለሁ። አንድ ጊዜ ማሰሪያው ከአንዱ እጁ አመለጠ። ያን ጊዜ ነው የጮኸው።

«አንተ ገብርኤል! ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ! እሷን አትርፍልኝ፣ ይቺን ጀልባ እሰጥሃለሁ!»

አንገቴን ወደ ውሃው ደፍቼ፣ አፌ ውሃ ሞልቶ፣ ጥርት አድርጌ ሰማሁት። የኛ ሰው ሲጨንቀው ይሳላል፤ ያለ ነው። ጧፍ ይሳላል፣ መጋረጃ ይሳላል፣ ለታቦቱ ዣንጥላ ይሳላል። ጀልባ ሲሳል ግን ሰምቼ አላውቅም።

«ዣንጥላ በለው!» ብዬ ጮህኩ። «ዣንጥላ ይበቃዋል!»

ነፋሱ ወሰደው ወይስ ሰምቶ ዝም አለ፣ አላወቅኩም። ክሩ ተቆረጠ። ጎትቶ አስገባኝ፣ ሞተሩን አውርዶ አስነሳው። እየተንገጫገጭን ወደቡ ስንደርስ ሁለታችንም ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥን። እጁ ከማሰሪያው የተነሳ ተልጦ ነበር። ፋሻ አሰርኩለት።

ወደ ቤት መንዳት ጀመርን። ግማሽ መንገድ ላይ ጋዝ ልንቀዳ ቆመን ነው ነገሩን ያነሳሁት።

«የተናገርከውን ሰምቻለሁ» አልኩት።

«ገብርኤልም ሰምቷል» አለኝ።

«እንዴ! ጀልባዋ እኮ የሁለታችን ናት። ግማሿ የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ የእኔን ማን ስጥ አለህ?»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለና ወደ መኪናው ገባ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ጨንቆት እንደሆነ አጥቼው አይደለም። ለእኔ ብሎ እንደጮኸም ገብቶኛል። ግን ተናደድኩ። የተናደድኩት ለፋይበርና ለሞተር አልነበረም። ጀልባዋ ከሄደች እኔና እሱ የምንገናኘው የት ሊሆን ነው? በር ላይ? «ጋዝ የላትም፣ ወጡ ፍሪጅ ነው» እየተባባልን ልናረጅ ነው? ይህን ለእሱ እንዴት እንደምለው አላወቅኩም፤ እንዲህ ያለውን ነገር የምነግረው ጀልባዋ ላይ ነበር።

ልጃችን ስደውልላት «ማም፣ ኢትስ ጀስት ኤ ቦት» አለችኝ። ጀልባ ብቻ ናት ማለቷ ነው። እሷ የምታየው ጀልባ ነው፣ እውነቷን ነው።

ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን። የሄድኩት ባለቤቴን ልረታው ነበር። አባ ሁለታችንንም ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጄ፣ ተስለሻል?»

«አልተሳልኩም፣ አባ። እንዲያውም ዣንጥላ በለው ብያለሁ።»

ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑት። «እንግዲህ ስለቱ የእሱ ነው» አሉ። «የእሱን ድርሻ ይሰጣል። አንቺን ማንም አያስገድድሽም።»

«ታዲያ አባ፣ ግማሽ ጀልባ እንዴት ይሰጣል? ሞተር ያለበትን ነው የሌለበትን?»

«እሱን እናንተ ተነጋገሩበት» አሉ። የረታሁ መስሎኝ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ግን የባለቤቴ በፋሻ የታሰረ እጅ መሪው ላይ ሲያርፍ አየሁ፤ የግማሹን ነገር መልሼ አላነሳሁም።

ጎረቤታችን ጉዳዩን በአጥር ላይ ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ሙስሊም ነኝ» አለችኝ። «እናቴ ግን እኔን አርግዛ ስትታመም ቁልቢ ድረስ ሄዳ ስለቷን አስገብታለች። ገብርኤልን አትከራከሪው፣ እህቴ። ባልሽን ግን ተከራከሪው፣ መብትሽ ነው።»

ተከራከርኩ። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ቤተ ክርስቲያኗ ጀልባ ምን ታደርግበታለች? የሰበካ ጉባኤው በሐምሌ ገብርኤል በዓል ዕለት በጨረታ ትሸጥ፣ ገንዘቡ ለሕንጻው ይግባ ብሎ ወሰነ። እንግዲያው እኛ እንግዛት! ገብርኤልም ስለቱን አገኘ፣ እኛም ጀልባችንን።

«አይሆንም» አለኝ ባለቤቴ። «በቀኝ የሰጡትን በግራ መቀበል ነው።»

«አንተ አትገዛ። እኔ አልተሳልኩም። እኔ እገዛለሁ።»

ፈቃድም አልጠየቅኩም። ኦቨርታይም እየሠራሁ ያጠራቀምኩት ነበረኝ። ለምን እንዳጠራቀምኩት ራሴም አላውቅም ነበር፤ አሁን አወቅኩ።

የበዓሉ ዋዜማ ጀልባዋን አጠብናት። እሱ ውጭውን፣ እኔ ውስጡን። የዓሣ ቅርፊት ከየስንጥቁ በጥርስ ብሩሽ አወጣሁ። ጠላቴ እንኳ ቢገዛት የቆሸሸች እንድትሄድ አልፈልግም። እሑድ ጠዋት ጎትተን ወስደን የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ አቆምናት። ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ሲደረግ ካህናቱና ዣንጥላዎቹ በአጠገቧ አለፉ። እናቶች እልል አሉ። አንዲት ባልቴት ጠጋ ብለው ጎኗን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ተሳለሟት። ልጆች ወጥተው ሞሏት። «ኖኅ፣ መርከቧን አስረከብክ?» ያሉትም ነበሩ፤ ያን ዕለት እንኳ አልማሩንም።

ከምሳ በኋላ ዲያቆኑ ማይክ ይዞ ጨረታውን ጀመረ። ምንጣፍ ተሸጠ፣ ሥዕል ተሸጠ፣ ጀልባዋ ላይ ደረሰ። ስለ ጀልባ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ «ምእመናን፣ ይቺ… ጀልባ ናት» ብሎ ቆመ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ጥያቄ መጣ። ስንት ሰው ትይዛለች? ሞተሩ ስንት ዓመቱ ነው? ጋዝ ትበላለች? ዲያቆኑ ወደ ባለቤቴ አየ፣ ባለቤቴ ወደ እኔ አየ።

ነገሯን ማጣጣል እችል ነበር። «ትንሽ ታፈሳለች» ብል ማንም አይጫረትም፣ በርካሽ አገኛት ነበር። ታቦት በወጣበት ቀን፣ በቅጥሩ ውስጥ እንዴት ብዬ ልዋሽ? ተነስቼ ሁሉንም መለስኩ። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ብዙ አትበላም። ማዕበል ትችላለች፤ አይተናል። ማይኩን ተቀብዬ የራሴን ጀልባ አሻሻጥኳት። ስቀመጥ የሚጫረተው ሰው በዝቶ ነበር።

ዋጋው መውጣት ጀመረ። እየወጣ እየወጣ ሄዶ ሁለት ሰዎች ቀሩ፣ ቀጥሎ አንዱ ተወ። የቀረው የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ሚስቱን ከጎኑ ያስቀመጠ ጎልማሳ ነበር። የጠራው ዋጋ እኔ ካለኝ በታች ነው። ዲያቆኑ «አንደኛ!» አለ።

እጄን ላነሳ ስል ባለቤቴን አየሁት። ጨረታውን አይደለም የሚያየው፣ እኔን ነው። እንደማነሳ ያውቃል። ሊከለክለኝም አልተዘጋጀም። እዚያ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ ከሰኔ ጀምሮ ሲያንገበግበኝ የከረመውን ጠየቅኩት።

«ዣንጥላ ስልህ ሰምተኸኝ ነበር?»

«ሰምቼሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላልክም?»

የተላጠበትን መዳፉን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገ። «አፌ ላይ የመጣውማ መጀመሪያ ዣንጥላ ነበር» አለኝ። «ከዚያ አፈርኩ። ለእሷ ዣንጥላ? አልኩ በልቤ። ትንሽ ነገር ብጠራ አንቺን ማሳነስ መሰለኝ። ካለኝ ሁሉ የሚበልጠውን ልጥራ ብዬ ነው። ቤቱን እንዳልል የባንክ ነው።»

ሳቄ መጣ። በሃያ ዓመት ትዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮኝ አያውቅም፣ ጀልባዋ ላይ እንኳ።

«ሁለተኛ!» አለ ዲያቆኑ። ወደ እኛ በኩል እያየ ትንሽ ቆየ። ምናልባት የእኔን እጅ እየጠበቀ ነበር፤ ሰውም እየጠበቀ ነበር መሰለኝ። እጄን ባነሳ ጀልባዋን አገኛታለሁ። ካለኝ ሁሉ ይበልጣል ብሎ ለእኔ የከፈለውን ግን መልሼ ወደ ዣንጥላ ላወርደው ነው። እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ እንዳይነሳ በሌላኛው እጄ ጫን አድርጌ ያዝኩት።

«ሦስተኛ!»

ሰው አጨበጨበ። የጎልማሳው ሚስት ደንግጣ አፏን ያዘች፤ ጀልባ እንደምትገዛ ጠዋት አላወቀችም። እኔ ጀልባዋን ማየት አልቻልኩም፤ መሬት መሬት አየሁ።

«አዘንሽ?» አለኝ ባለቤቴ።

«በጣም» አልኩት። እውነቴን ነበር። ደስም ብሎኝ ነበር፤ እሱን ግን ያን ዕለት አልነገርኩትም።